ከቀዳዳው ወዲህ፣ ከቀዳዳው ወዲያ

መሪጌታ ጥዑመልሳን ዝናብ ሲያባራ መጡ፤
ከላይ ጎንደር ወርደው፣ ማኅደሩን ከጋቢያቸው ሥር ሳያወጡ
የአዲስ ዓለምን ጭቃ እያራገፉ፣ "ቤቶች! እንድሪስ አለ?"
አባቴ መች ይወጣል፣ ከጉድጓዱ እንደዋለ፣
ወገቡ ድረስ መሬት ውስጥ፣ የእግሩ ጣት ገመድ ቆንጥሮ፤
"ይግቡ" አለ ካለበት፣ አንገቱን ብቻ አዙሮ።

ብራናው ሲገለጥ የጭስና የፍየል ሽታ ሸተተ፤
ከገጹ ራስ ላይ ሐረጉ ተጎተተ፣
ቀይ ከቢጫ እየተቃቀፈ፣ ሰማያዊው በሥር እያለፈ፣
ጫፉን ላገኝ ያልሁት ዓይኔ መሐል መንገድ ላይ ሰነፈ።

"ይህን ሐረግ" አሉ "ለመጋረጃ ፈለግሁት፤
አሮጌውን አይጥ በላው፣ አዲሱን ካንተ አሰብሁት።"
አባቴ ሳቀ፦ "እኔ ግዕዙን የት አውቄ?"
"ሐረግ አይነበብም፤ ይቆጠራል። ለዚህ ነው መጠየቄ።"

ለቅዳሜ ገበያ የጀመረውን ጋቢ ለአጎቴ ሰጠና
ሐሩን ወጠርን።

እኔ ከገጽ ቆጠርሁ፣ እሱ ከድር፤
"ሦስት ቀይ። አንድ ዝለል። ሁለት ቢጫ። አጥብቅ። አዙር።"
መወርወሪያው ሲያልፍ እፍ እንደማለት ያለ ድምፅ አለው፤
ቁም ጸሐፊው ብርዑን ሲያነሣ እንዲህ ይሆን የሚለው
ብዬ ሳስብ ቁጥሩ ጠፋኝ፤
"የት ደረስን?" ሲል አፈርሁ፤ "ፍታው" አልሁት፤ ፈታልኝ።
የቀን ሥራ አንድ ስንዝር፤ ስሕተቴ ሲፈታ ሁለት ጣት፤
እናቴ ማታ ስትለካው ሳቅ አመለጣት።

በአርባኛው ቀን ሌላ ቅጠል ገለጥሁ፤
ከጽሑፉ መሐል ቀዳዳ አየሁ፤ ደነገጥሁ።
እኔ የቀደድሁት መሰለኝ። የሰው አደራ፣ የደብር ንብረት!
በነጠላዬ ሸፈንሁት፤ እጄን ጫንሁበት።
"ምነው ዝም አልሽ፣ ረውዳ? ቁጥሩ አለቀ?" አለ።
ዕንባዬ ቀደመኝ።

መሪጌታ ተጠሩ፤ አጎንብሰው አዩና ሳቁ፦
"ፍየሏን በቁሟ መዥገር ነክሷት ነው፤ አትሳቀቁ።
ፋቂው ሲወጥረው ሰፋ። ጸሐፊው ግን ቆዳ አልጣለም፤
ቃሉን ከሁለት ከፍሎ አለፈ፤ ነውር የለም።"
አነበቡልን፦ ከቀዳዳው ወዲህ «ብር»፣ ከቀዳዳው ወዲያ «ሃን»፤
በመሐሉ የበራችን ፀሐይ ሾልካ ነካች ጣቴን።

አባቴ ቃሉን አልሰማም። ከጉድጓዱ ወጣ፤
በሥራ ሰዓት ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ እጁን ጠርጎ መጣ፣
የቀዳዳውን ከንፈር፣ ዙሪያውን የሰበሰበውን ክር
በጥፍሩ ጫፍ ነካ፤ ትንፋሹን ይዞ፣ ሳይናገር።
"ይኼን ቋጠሮ" አለ በኋላ "ካህን አይቋጥረውም፤
ቆዳ ሰፊም አይደለም፣ ኮርቻ ሠሪም አያውቀውም።
ድር ሲበጠስ የምንቀጥልበት ነው፤ ግራው በቀኝ ላይ፣
ጫፉ ተመልሶ በሆዱ፤ አባቴ ያሳየኝ፣ አንድም ሳይለይ።"

መሪጌታ መነጽራቸውን አወለቁ።
"የጻፈው፣ ያጻፈው፣ ስማቸው ከመጨረሻው ገጽ አለ፤
ይህን የሰፋው ግን..." አሉና ነገሩ በዚያው ተንጠለጠለ።

መጋረጃው ዛሬ ከመቅደስ ነው። ተሰቅሎ አላየሁትም፤
እኔ ከቅጥሩ አላልፍም፣ አባቴም አላለፈም።
ግን አውቃለሁ፦ ሦስተኛው ሐረግ ላይ፣ ከቀኝ ጠርዙ አጠገብ
ባቄላ የምታክል ቀዳዳ አለች፤ ሐሩ በዙሪያዋ ሲሰበሰብ።
ስሕተት ነው ይላል የማያውቅ፣ ብል ነው ይላል የሚያውቅ፤
ጧፍ ከኋላዋ ሲያልፍ ምን እንደምትመስል እኔን አትጠይቅ።

ቋጠሮዋ ከመሪጌታ ሐር አይደለም፤ ከጥጥ ነው፣
ያን ቀን ዕንባዬን ስጠርግ ከእንዝርቴ ላይ ከነበረው፣
እኔው ከፈተልሁት።
አባቴ እጁን ዘረጋ፤ ሰጠሁት።